የግሬትፉል ዴድ የቀጥታ ኮንሰርት ቅጂዎች፦ የትኛውን አስቀድመን እንስማ?

ግሬትፉል ዴድን መስማት መጀመር የፈለገ ሰው የሚቸገረው ሙዚቃ አጥቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው። ይህ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሮክ ባንድ ከ1965 እስከ 1995 ድረስ ከ2,300 በላይ ኮንሰርቶች ተጫውቷል። አብዛኛው ደግሞ ተቀድቷል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ጓደኛችሁ "ኮርኔልን ስማ" ይላችኋል። ሌላው "ከ72 ወዲያ ሙዚቃ የለም" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በፍላሽ ሞልቶ ይሰጣችሁና የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነግራችሁ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ትከፍታላችሁ፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ዘፋኙ ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ያወራል። "ይሄ ነው እንዴ የተወራለት?" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የተሰማው ባንዱ ሳይሆን መጥፎ ቅጂ ነው።

የስቱዲዮ አልበሞቻቸውን ሰምቶ ባንዱን አወቅሁ ማለት አይቻልም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዜማው ያው ነው፣ ግን የማታው ስሜት፣ የታዳሚው ሁኔታ፣ የማሲንቆው አካሄድ ሁሌም ሌላ ነው። ግሬትፉል ዴድም እንደዚያው ነው። አንድ ዘፈን ዛሬ አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ በሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ምርጫው የአልበም ምርጫ ሳይሆን የቀን ምርጫ ነው።

በምን እንመዝን?

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው መለኪያ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ለብቻው ይሰማል ወይ? ጃም የሚባለው ነገር፣ ማለትም አስቀድሞ ሳይጠና እዚያው እየፈጠሩ መጫወት፣ በሙሉ የቆመው ሰዎቹ እርስ በርስ በመደማመጣቸው ላይ ነው። ጄሪ ጋርሲያ በሊድ ጊታሩ አንድ ነገር ይወረውራል፣ ፊል ሌሽ በቤዙ ይመልስለታል፣ ቦብ ዊር በሪትም ጊታሩ መሀል ገብቶ አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። ቤዙ ካልተሰማችሁ የጨዋታው ግማሽ አመለጣችሁ። ሌሽ እንደ ብዙዎቹ ቤዝ ተጫዋቾች ምቱን ጠብቆ ብቻ የሚሄድ ሰው አይደለም፣ ቤዙ ራሱን የቻለ ዜማ ነው የሚጫወተው። ዝነኛ ሆኖ ቤዙ የጠፋበት ቅጂ ካለና ብዙ ያልተወራለት ሆኖ ሁሉም የሚሰማበት ካለ፣ ያለምንም ማመንታት ሁለተኛውን ውሰዱ።

ቀጥሎ የዘፈንና የጃም ሚዛን ይመጣል። ዜማና ግጥም የሚወድ ሰው የሃያ ደቂቃ ሙከራ ቢሰጡት ይሰለቻል፣ ረጅም ጉዞ የሚወደው ደግሞ አጫጭር ዘፈን ሲደረደርለት ይከፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሦስተኛው አዘፋፈን ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ እነዚህ ሰዎች በድምፃቸው አይደለም የታወቁት። አንዳንድ ማታ ኅብረ ድምፁ ይላላል። የእኛን ዘመን አይሽሬ ድምፃውያን ለለመደ ጆሮ ይህ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ስለዚህ ለጀማሪ አዘፋፈኑ የተሻለበትን መምረጥ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው የት፣ በምንና በስንት ዳታ ትሰማላችሁ የሚለው ነው። ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ በጣም ዝግ ብሎ የሚጀምር ጃም መስማት አይቻልም። ማታ ቤት ውስጥ በኢርፎን ከሆነ ግን ያው ቅጂ ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ ጆሮው የተበላሸ ኢርፎን ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፤ በብዙዎቹ ቅጂዎች ሁለቱ ጊታሮች ግራና ቀኝ ተለያይተው ስለተቀመጡ አንድ ጆሮ ሲጠፋ አንድ ጊታሪስት አብሮ ይጠፋል።

ሦስት ዓይነት ቅጂ

የመጀመሪያው ከሚክሰር፣ ማለትም የመድረኩን ድምፆች ከሚያዋህደው መሣሪያ፣ በቀጥታ የተቀዳ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ መሣሪያዎቹ ቅርብ ናቸው። ጉድለቱ አዳራሹ አይሰማም፣ ጭብጨባው ከሩቅ ነው፣ ሙዚቃው አንዳንዴ ይደርቃል። ሌላም ነገር አለው፤ ሚክሰሩ የሚሠራው ለአዳራሹ ስለሆነ በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ራሱ ጮክ ብሎ የሚሰማው መሣሪያ ቴፑ ላይ ሊያንስ ይችላል።

ሁለተኛው ተመልካች በራሱ ማይክ የቀዳው ነው። ባንዱ መቅዳትን አይከለክልም ነበር፣ እንዲያውም ከ1984 ጀምሮ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ደንቡ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ ነው። ጥሩ ቦታ ላይ በጥሩ ማይክ ከተቀዳ የአዳራሹን ሙቀት ይሰጣችኋል። መጥፎ ከሆነ ደግሞ የሰው ወሬ ትሰማላችሁ።

ሦስተኛው ሁለቱን ያዋሃደ፣ ማትሪክስ የሚሉት ነው። በደንብ ከተሠራ ለእኔ በጣም ደስ የሚለው ይህ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ባንዱ ራሱ አስተካክሎ ያወጣቸው አልበሞች አሉ። ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ግን ሁሉም እንደተጫወቱት ናቸው ማለት አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ስድስቱ ቅጂዎች

ላይቭ/ዴድ፣ 1969። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተጫወቷቸው ኮንሰርቶች ተመርጦ በባለ 16 ትራክ መሣሪያ የተቀዳ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ አዲስ ነገር ነበር። "ዳርክ ስታር" እዚህ ላይ 23 ደቂቃ ያህል ነው። ድምፁ ለዕድሜው በጣም ግልጽ ነው፣ ቤዙ ይነበባል። ግን ከባድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሙሉ በሙሉ በፊድባክ ጩኸት የተሠራ ክፍል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ አልመክርም። አጭር መሆኑ ግን ጥቅም አለው፤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም፣ ዳታም አይበላም።

ዩሮፕ '72። በ1972 ኤፕሪልና ሜይ አውሮፓ ውስጥ ካደረጓቸው 22 ኮንሰርቶች የተመረጠ ባለ ሦስት ሸክላ አልበም። ዘፈን ለሚወድ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ፒያኖው የኪት ጎድሾ ነው፣ ገብቶ ሁሉንም አለስልሶታል። አዘፋፈኑም ያምራል። የሚያምርበት ምክንያት ግን አለው፤ ከጉዞው ሲመለሱ ድምፃቸውን ስቱዲዮ ገብተው እንደገና ዘፍነውታል። እኔ ይህን እንደ ማታለል አላየውም፣ መሣሪያው የቀጥታው ነው። የዕለቱን አዘፋፈን ሳይነካ መስማት የሚፈልግ ሰው ግን ማወቅ አለበት። በ2011 ሃያ ሁለቱም ኮንሰርቶች በ73 ሲዲ ወጥተዋል፣ እሱ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም።

ቬኔታ፣ ኦሪገን፣ ኦገስት 27 ቀን 1972። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው ስፕሪንግፊልድ ክሪመሪ የሚባል የወተት ማቀነባበሪያ ገንዘብ አጥሮት ስለነበር እሱን ለመርዳት ነው። ትኬቱ የታተመው በእርጎ ማሸጊያ ወረቀት ላይ ነበር። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደርሶ መሣሪያዎቹ ቅኝታቸውን አልይዝ ብለው ነበር። አንዳንድ ቦታ ይሰማል። ይሁንና በዚያ ፀሐይ የተጫወቱት "ዳርክ ስታር" ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ባዶ ደቂቃ አላገኘሁም። ድራመሩ አንድ ብቻ ነው፣ ቢል ክሮይትዝማን። ሚኪ ሃርት በዚያ ጊዜ ከባንዱ ወጥቶ ነበር። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ አንድ ድራመር ሲሆን ሙዚቃው ይቀላል፣ በየመሀሉ አየር ይገባል፣ ሌሽና ጋርሲያ ሲሳሳቡ እያንዳንዷ እርምጃ ትሰማለች። በ2013 "ሰንሻይን ዴይድሪም" ተብሎ ከፊልሙ ጋር ወጥቷል። ፊልሙን ማየት የሚችል ይመልከተው፣ ጣታቸውን እያዩ መስማት ማን ምን እንደሚጫወት ለመለየት በጣም ይረዳል።

ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ባርተን አዳራሽ፣ ሜይ 8 ቀን 1977። ከሁሉም የታወቀው ይህ ነው። የቀዳችው ቤቲ ካንተር-ጃክሰን ናት። ቤቲ ለአዳራሹ ከሚሄደው ሚክስ የተለየ ሚክስ ለቴፑ ትሠራ ነበር፣ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የሚክሰር ቅጂ ጉድለት እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ቴፖቿ የመጋዘን ኪራይ ሳይከፈል ቀርቶ በ1986 በጨረታ ተሸጡ። ከዚያ በኋላ በሰዎች እጅ ተባዝተው ተዳረሱ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ኮንሰርት በ2011 የብሔራዊ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ባንዱ በይፋ ያወጣው ግን በ2017 ነው።

"ምርጡ ይህ ነው ወይ?" ለሚለው እኔ አይደለም እላለሁ። ግን የመጀመሪያችሁ መሆን ያለበት ይህ ነው። ዝናው በከፊል የመጣው ከቴፑ ጥራት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ያም ቢሆን ምንም ነውር የለበትም፣ ጥራት ነው እኮ ጃሙን የሚያሰማችሁ። በዚያው ሳምንት ሜይ 7 ቦስተን፣ ሜይ 9 ደግሞ ቡፋሎ ተጫውተዋል፣ ሁለቱም ከኮርኔል ብዙ አያንሱም። ኮርኔልን የሚለየው የኮንሰርቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። "ስካርሌት ቤጎኒያስ" ከሚለው ዘፈን ሳይቆሙ ወደ "ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን" ይሻገራሉ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 25 ደቂቃ ያህል ናቸው። ሁለተኛው ዘፈን በሁለት ኮርድ ላይ ብቻ የሚሽከረከር ነው፣ ጋርሲያ ግን በዚያች ጠባብ ቦታ ሦስት ጊዜ ሶሎ ይሠራል፣ እያንዳንዱም ካለፈው ከፍ ይላል። ሁለት ድራመሮች አሉ፣ ምቱ ዘና ያለ ነው፣ እግር ያንቀሳቅሳል። ሚኒባስ ውስጥም ይሰማል፣ ካፌ ውስጥም ይሰማል፣ ሙዚቃውን ለማያውቅ እንግዳም ይከፈታል። ወደ መጨረሻው የሚመጣው "ሞርኒንግ ዲው" ግን ጫጫታ ውስጥ አይሰማ። ሲጀምር በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ሲጨርስ ሌላ ነው፣ ለሱ ማታና ኢርፎን ጠብቁለት።

ጊዛ፣ ግብፅ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 15 እና 16 ቀን 1978። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4፣ 5 እና 6 ቀን 1971 ማለት ነው፣ አዲስ ዓመትን በተቀበልን በሳምንቱ። ከፒራሚዶቹ ሥር ነው የተጫወቱት። በመጨረሻው ማታ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ታሪኩ ስለሚያምር ሰው ሁሉ ይህን ቅጂ ቀድሞ ይፈልጋል፣ እኔም ለምን እንደሚፈልገው ይገባኛል፣ አፍሪካ ውስጥ መጡ ሲባል ልብ ይሞቃል። በሙዚቃው ግን ደካማው ይህ ነው። ክሮይትዝማን የእጁ አንጓ ተሰብሮ በአንድ እጅ ነው የመታው። ፒያኖው ቅኝቱ ተበላሽቷል። አልበም ለማውጣት አስበው ቀርጸው ትተውት ነበር፣ የወጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2008 ነው።

አንድ ነገር ግን አለው፣ ለዚያ ብቻ ብላችሁ ስሙት። ሐምዛ ኤል ዲን የተባለው የኑቢያ የኡድ (ባለ አውታር መሣሪያ) ተጫዋች ከባልደረቦቹ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ "ኦሊን አራጊድ" የተባለውን ዜማ በባለ 12 ምት ጭብጨባ ይጀምራል፣ ባንዱ አንድ በአንድ እየገባ ይቀላቀላል፣ ኑቢያውያኑም ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ጭብጨባውና ምቱ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። የአሜሪካ አድማጮች እንግዳ የሚሉትን ክፍል የእኛ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይይዘዋል።

ናሶ ኮሊሲየም፣ ኒውዮርክ፣ ማርች 29 ቀን 1990። ሳክስፎን ለሚወድ። ብራንፎርድ ማርሳሊስ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ተጫውቷል። "አይስ ኦፍ ዘ ወርልድ" ላይ ያደረጉትን በዚያው ዓመት በወጣው "ዊዝአውት ኤ ኔት" ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ሙሉው ኮንሰርት ደግሞ በ2014 ወጥቷል። ኪቦርዱ የብሬንት ሚድላንድ ነው፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አረፈ። የድምፁ ጥራት ከስድስቱ አንደኛ ነው። የኪቦርዱ ቀለም ግን የዘመኑ ነው፣ አንዳንዱ ይወደዋል አንዳንዱ አይወደውም። ጃዝ ቤት እየሄደ የሚያመሽ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህንን አሰሙት።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| ቅጂ | የድምፅ ጥራት | ጃም ወይስ ዘፈን | አዘፋፈን | የት ይሰማ |
|---|---|---|---|---|
| ላይቭ/ዴድ፣ 1969 | ጥሩ | ጃም፣ ከባድ | መካከለኛ | ማታ በኢርፎን |
| ዩሮፕ '72 | በጣም ጥሩ | ዘፈን ይበዛል | በጣም ጥሩ፣ እንደገና የተዘፈነ | የትም |
| ቬኔታ፣ 1972 | በጣም ጥሩ | ሁለቱም፣ ጃሙ ረጅም | ጥሩ | ቤት፣ በረጋ ጊዜ |
| ኮርኔል፣ 1977 | በጣም ጥሩ | ሁለቱም እኩል | ጥሩ | የትም |
| ጊዛ፣ 1978 | መካከለኛ | ሁለቱም | መካከለኛ | ቤት |
| ናሶ፣ 1990 | ከሁሉም የተሻለ | ሁለቱም፣ ጃዝ ያዘነብላል | ጥሩ | የትም፣ በጥሩ ስፒከር |

ለማን የትኛው?

ምንም ገንዘብ ላለማውጣት ለወሰነ ሰው ኢንተርኔት አርካይቭ በቂ ነው። በሺህ የሚቆጠር የባንዱ ኮንሰርት እዚያ አለ። የተመልካች ቅጂዎችን ማውረድ ይቻላል፣ ከሚክሰር የተቀዱት ግን እዚያው የሚደመጡ ብቻ ናቸው። ይህ ለእኛ ለዳታ ተጠቃሚዎች ትልቅ ልዩነት ነው፤ አንዴ አውርዶ ደጋግሞ መስማትና በሰማችሁ ቁጥር መክፈል አንድ አይደለም። ስለዚህ ለዘወትር የሚሆናችሁን ጥሩ የተመልካች ቅጂ ፈልጉና አውርዱ፣ የሚክሰሩን ዋይፋይ ስታገኙ ስሙት። የአንድ ቀን ኮንሰርት በብዙ ሰዎች ተጭኖ ታገኙታላችሁ። ለመምረጥ የመጀመሪያውን ዘፈን አትክፈቱ። ብዙ ጊዜ ሚክሱ በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ ገና አልተስተካከለም። ወደ ሁለተኛው ክፍል መሀል ሂዱና አምስት ደቂቃ ስሙ። ቤዙ ከተሰማ፣ ሁለቱ ጊታሮች ከተለዩ፣ የሚያወራ ሰው ከሌለ፣ ውሰዱት።

ስለ ዳታ ካነሳን፦ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋ ያህል ነው፣ የሦስት ሰዓት ኮንሰርት 180 ሜጋ ገደማ ይሆናል። በ320 ከሆነ 430 ገደማ። ፍላክ የሚባለው ምንም ያልተቀነሰው አንድ ጊጋ ይጠጋል። ለስልክና ለተራ ኢርፎን 320ው ከበቂ በላይ ነው። 128ን ግን አልመክርም፣ የሲምባሉ ድምፅ ይበላሻል፣ ሁለት ድራመር ባለበት ቅጂ ደግሞ ይህ ቶሎ ያደክማል። ጥሩ ስፒከር ቤቱ ያለው ሰው የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ፍላኩን ያውርድ።

መግዛት ለሚፈልግ፣ ኦፊሴላዊ ሲዲዎቹን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ገብቼ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። የሚሻለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ አንዱን ማስመጣት ነው። አንዱን ብቻ ከሆነ ቬኔታን አስመጡ እላለሁ፣ ኮርኔልን አይደለም። ኮርኔልን በነፃ በጥሩ ጥራት መስማት ትችላላችሁ፣ የቬኔታ እትም ግን ፊልሙ አብሮት ስላለ ለከፈላችሁበት ይበልጥ ይመልሳል። ለስጦታ ከሆነና ተቀባዩ ባንዱን የማያውቅ ከሆነ ዩሮፕ '72 ይሻላል።

ጊዜ ለሌለው፣ በቀን በታክሲ የሚያሳልፋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ላለው፣ የኮርኔሉን "ስካርሌት ቤጎኒያስ" እና "ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን" ብቻ ስልኩ ላይ ይጫን። ሌላውን ይተወው። የናሶው "አይስ ኦፍ ዘ ወርልድ" ደግሞ ሁለተኛው ይሁን።

ከወደዳችሁት በኋላ መንገዱ እንደወደዳችሁት ይለያያል። ኮርኔል ከጣማችሁ የዚያኑ ሳምንት ቦስተንና ቡፋሎ ቀጥሉ። ቬኔታ ከያዛችሁ በፊላደልፊያ ስፔክትረም አዳራሽ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1972 የተጫወቱትን ፈልጉ፣ ዲክስ ፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም 36ኛው ቁጥር ነው። ጊዛ ላይ የኑቢያው ዜማ ከማረካችሁ ግን ከባንዱ ወጥታችሁ የሐምዛ ኤል ዲንን የራሱን የኡድ ሥራዎች ስሙ፣ እዚያ ቅጂ መምረጥ አያስፈልግም፣ ያገኛችሁትን ክፈቱ።